የችግኝ መትከያ ገንዘብ ይገኛል፤ ውኃ የሚያጠጣውስ ማን ነው?

ሬድውድ ሲቲ መሃል ከተማ፣ ብሮድዌይ ጎዳና ላይ አንድ የታወቀ መፈክር ተሰቅሏል። የከተማዋ የአየር ጠባይ በመንግሥት ተፈትኖ ምርጥ ሆኖ ተገኝቷል ይላል። ከክፍል ስመለስ ከሥሩ አልፋለሁ። በሴፕቴምበር 2022 ጎረቤታችን ሳን ሆዜ 109 ዲግሪ ፋራናይት (43 ሴልሺየስ ገደማ) በደረሰ ጊዜ ግን መፈክሩን እያየሁ መሳቄ አልቀረም። የዚያን ሳምንት ወደ ቤት የምሄደው ዛፍ ያለበትን ጎን እየመረጥኩ፣ መንገድ እየተሻገርኩ ነበር። የከተማ ደን ምን እንደሆነ ያኔ በእግሬ ተማርኩት ማለት ይቻላል። በመንገድ ዳር፣ በግቢ፣ በትምህርት ቤትና በመናፈሻ ያለው ዛፍ ሁሉ ተደምሮ የከተማ ደን ይባላል።

በቀጣዩ ዓመት ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን በአንድ ግቢ ውስጥ 14 ችግኞች ተከልን። ቀኑን የመረጥነው በሐምሌ ነበር። አገር ቤት አረንጓዴ አሻራ ሲባል የምናየው በሐምሌ ነዋ! መንግሥት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ያለውም ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር። ፎቶ ተነሣን፣ እንጀራ በላን፣ ተበተንን። በጥቅምት ስንመለስ በሕይወት ያገኘነው 3 ብቻ ነበር። እነሱንም ያዳኗቸው ግቢውን የሚጠብቁ አንድ አባት ናቸው፤ በጀሪካን ውኃ እያመላለሱ። «ልጆቼ፣ እናንተ ፎቶውን ይዛችሁ ሄዳችሁ፤ ዛፉ ውኃ የጠየቀው እኔን ነው» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ ነው። ማኅበራችን የዛፍ ተከላ ሐሳብ በየዓመቱ ያነሣልና ስህተታችን እንዳይደገም።

1. ስህተታችን የት ላይ ነበር?

አገር ቤት በሐምሌ የሚተከለው ክረምቱ ስለሚያጠጣው ነው። እዚህ ግን ወቅቱ ተገልብጧል። ዝናቡ በአብዛኛው ከኖቬምበር እስከ ማርች ይዘንባል፤ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ጠብታ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ በቤይ ኤሪያ ችግኝ የሚተከለው መኸር ሲያልቅና ዝናብ ሲጀምር ነው። እኛ በድርቁ መካከል ተክለን ዝናብ ጠበቅን።

2. ዕቅድ በመቁጠር ይጀምራል

ከተማ ደኑን ሲያቅድ መጀመሪያ ያለውን ይቆጥራል፤ የትኛው መንገድ ስንት ዛፍ አለው? ምን ዓይነት? ጤናው እንዴት ነው? ከላይ ሲታይ ከመሬቱ ስንት በመቶው በቅጠል ተሸፍኗል? ሳን ሆዜ ይህን ስትለካ ሽፋኗ በ2012 ከነበረው 15 በመቶ ገደማ በ2018 ወደ 13.5 በመቶ ገደማ ወርዶ አገኘችው። ባይለካ ኖሮ ማንም ልብ አይለውም ነበር።

እኛም ቀላል መለኪያ አለን። የደን ምሁሩ ሴሲል ኮናይነንዳይክ በ2021 ያቀረቡት የ3-30-300 ደንብ እንዲህ ይላል፦ ከቤትህ መስኮት ቢያንስ 3 ዛፎች ይታዩህ፤ ሰፈርህ 30 በመቶ በዛፍ ይሸፈን፤ መናፈሻ ከ300 ሜትር አይራቅብህ። ዛሬ ማታ በመስኮታችሁ ተመልከቱና ቁጠሩ። ቁጥሩ ከሰፈር ሰፈር መለያየቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1930ዎቹ የኦክላንድ ሜዳማ ሰፈሮች በብድር ካርታ ላይ በቀይ ተቀብተው ነበር። በ2020 የወጣ አንድ ጥናት 108 የአሜሪካ ከተሞችን አይቶ፣ በ94 በመቶዎቹ እንዲህ በቀይ የተቀቡ ሰፈሮች ከሌሎቹ ይበልጥ የሚሞቁ መሆናቸውን አሳይቷል። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚከራዩት እንዲህ ባሉ ሰፈሮች ነው።

3. ምን ዓይነት ዛፍ?

ሬድውድ ሲቲ ስሟን ያገኘችው ከኮረብታው ተቆርጦ በወደቧ በኩል ሳን ፍራንሲስኮን ለመገንባት ከተጫነው ቀይ እንጨት ነው። ይሁንና ሬድውድ ግዙፍና ውኃ ወዳድ ስለሆነ ለጠባብ የመንገድ ዳር አፈር አይስማማም። የአገሩ ኦክ ቦታ ካገኘ ድርቁን ይችላል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ደግሞ አጭር ዛፍ ይመረጣል።

የዝርያ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። በፍጥነት የሚያድገው ባህር ዛፍ ደርሶ አዳናት። ያው ባህር ዛፍ ኦክላንድ ኮረብታዎች ላይም በብዛት ተተክሏል፤ በ1991 በዚያ 25 ሰዎች የሞቱበት እሳት ሲነሣ እሳቱን ካባባሱት አንዱ እሱ ነበር። ዛፉ አንድ ነው፤ ቦታውና አያያዙ ግን ውጤቱን ለያየው። የዕፅዋት ተመራማሪው ፍራንክ ሳንታሙር በ1990 ያቀረቡት ምክርም በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ እንዳንመካ ነው፤ ከአንድ ዝርያ ከ10 በመቶ በላይ አትትከሉ ይላል። 20 ዛፍ ካሰብን ከአንድ ዝርያ ከ2 አይበልጥም ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ በሽታ ቢገባ ሁሉም አብሮ አይደርቅም።

ከመቆፈራችሁ በፊት ሁለት ነገር አትርሱ፦ የመንገድ ዳር ከሆነ የከተማውን ፈቃድ ጠይቁ፤ ከመሬት በታች ያለውን የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመር ለማወቅም 811 ደውሉ።

4. ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ከከተማ፦ «ትሪ ሲቲ ዩኤስኤ» የሚባለውን እውቅና የሚሻ ከተማ ለዛፍ በነፍስ ወከፍ ቢያንስ 2 ዶላር በዓመት መመደብ አለበት። በ2020 ቆጠራ ሬድውድ ሲቲ ወደ 84,000 ሕዝብ ስለነበራት ዝቅተኛው 168,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። ሲቲ ትሪስ የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅትም ከከተማው ጋር ሆኖ እዚሁ ይተክላል፣ ይገርዛል።

ከክፍለ ግዛት፦ ካል ፋየር የከተማ ደን ድጋፍ ይሰጣል፤ የገንዘቡ አንድ ምንጭ ብክለት የሚለቁ ድርጅቶች በጨረታ የሚከፍሉት ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከኪስ አውጥቶ በደረሰኝ ማስመለስ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ትንሽ የተማሪ ማኅበር ከከተማ ወይም ከተቋቋመ ድርጅት ጋር ቢጣመር ይሻለዋል።

ከፌዴራል፦ በ2022 የወጣ ሕግ ለከተማ ደን 1.5 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ በ2023 ኦክላንድ 8 ሚሊዮን ደረሳት። በ2025 ግን ለአርበር ዴይ ፋውንዴሽን ተፈቅዶ የነበረ የ75 ሚሊዮን ዶላር ውል ተሰረዘ። የመንግሥት ገንዘብ እንደ ዝናብ ነው፤ ሲመጣ ተቀበሉ፤ ግን እሱን ብቻ ተማምናችሁ አትትከሉ።

5. የውኃው ሒሳብ

እኛ የዘለልነው ገጽ ይህ ነው። ለጋሽ ለመትከል በደስታ ይከፍላል፤ ችግኝ ግን እዚህ ሥሩ እስኪጠልቅ ሦስት ደረቅ ወቅት ገደማ መጠጣት አለበት። 20 ዛፍ እያንዳንዱ በሳምንት 15 ጋሎን ቢጠጣ 300 ጋሎን ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን 57 ይሆናል። ለአንድ ዛፍ 10 ደቂቃ ብናስብ በሳምንት 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ደረቁን ወቅት 26 ሳምንት ብንለው በዓመት 87 ሰዓት ገደማ፣ በሦስት ዓመት 260 ሰዓት ይሆናል። ይህን ሒሳብ ሳልሠራ ዳግም ችግኝ አልገዛም።

ታዲያ ይህ ሰዓት ባከነ ማለት አይደለም። ብዙ ለጋሾች አመልካቹ የራሱን ድርሻ እንዲያዋጣ ይጠይቃሉ፤ የበጎ ፈቃደኛ ሰዓትም በትክክል ከተመዘገበ እንደ መዋጮ ሊቆጠር ይችላል። የፊርማ ደብተር ያዙ።

6. የውኃ እድር

ተማሪ ይመረቃል፣ ሰፈር ይቀይራል። ዛፉ ግን እዚያው ነው። በአንድ ሰው ትጋት ላይ ከተንጠለጠለ እኛ በሐምሌ እንዳደረግነው ይደርቃል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለዚህ ዓይነት ረጅም ግዴታ መላ አላቸው፤ እድር። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ተራ አለው፣ የቀረ ይቀጣል።

ሐሳቤ ይኸው ነው፦ ለ20 ዛፍ 13 አባላት ያሉት የውኃ እድር እናቋቁም። በ26 ሳምንት ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ተራ ይደርሰዋል። ወርኃዊ መዋጮው ለቱቦና ለውኃ ክፍያ ይሁን። የሚመረቅ አባል ተተኪ ሳያመጣ አይወጣም። የቀድሞ ተማሪዎችም ርቃችሁ ብትኖሩ በመዋጮው ግቡ። 13ቱ ስም ሳይሞላ ችግኝ አይገዛ።

የሦስቱ ዛፎች ጠባቂ አባታችን የመጀመሪያው ዳኛ ይሁኑልን ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። «መጀመሪያ ደብተሩን አሳዩኝ» ብለውኛል። የእኔ ስም አንደኛው መስመር ላይ ሰፍሯል፤ አሥራ ሁለት ይቀራል።