ለገዛ ጡትሽ እንግዳ አትሁኚ

ልጄ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በአዋላጅ ነርስነት ነው። ሴት ልጅ ስለ ጡቷ ልታማክረኝ ስትመጣ መጀመሪያ በሩ መዘጋቱን ታያለች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። በእኛ አገር ጡት ክብር አለው። እናት ልጇን ስትማፀን «ባጠባሁህ ጡቴ» ትላለች፤ ባዕዱም «የጡት ልጅ» ተብሎ ቤተሰብ ይሆን ነበር። ሕፃኑ ያውቀዋል፣ ዘፋኙ ያሞግሰዋል። ባለቤቲቱ ግን ትፈራዋለች። ይህ ያንገበግበኛል፤ የምመክርሽም ስለዚህ ነው።

1. ከማንም ጡት ጋር አታወዳድሪው። ትንሽ ነው ብላ የምትሸማቀቅ፣ ትልቅ ነው ብላ ትከሻዋን አጥፋ የምትሄድ፣ አንዱ ከሌላው በለጠብኝ ብላ የምትጨነቅ፣ ሁሉም መጥተው ነግረውኛል። የሁለቱ መጠን እኩል አለመሆን የተለመደ ነው። መጠኑን በአብዛኛው የሚወስነው ስብ ነው፤ ወተት የሚሠሩት ግን ዕጢዎቹ ናቸው፤ ስለዚህ ትንሽ ጡት ያላት እናት ልጇን አጥግባ ታሳድጋለች። ጡት የሚወድቀውም በማጥባት ሳይሆን በእርግዝና፣ በዕድሜና በክብደት መለዋወጥ ነው። ጡቴ እንዳይወድቅ ብላ ልጇን ቶሎ ጡት የምታስጥል ሴት በከንቱ ትከስራለች።

2. የወር አበባሽ ሊመጣ ሲል ሁለቱም ጡቶችሽ ቢከብዱና ቢያምሙሽ አትደንግጪ። የሆርሞን ሥራ ነው፤ ደሙ ሲመጣ ይቀላል።

3. ስትወልጂ እንገሩን እንዳታፈሺው። ያ ወፍራም ቢጫ ወተት «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ሲታለብና ሲደፋ፣ ለሕፃኑም ቅቤ ወይም የስኳር ውሃ ሲሰጠው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እንገር ልጁን ከበሽታ የሚጠብቅ የመጀመሪያ መከላከያው ነው። እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ውሃም አያስፈልገውም። ይህን ለመናገር ይቀላል። የጡቱ ጫፍ ሲሰነጠቅ፣ ሌሊቱ ሲረዝም፣ አማት «ወተትሽ ቀጭን ነው» ስትል፣ አራስ ብቻዋን ታለቅሳለች። ጡትሽ ከቀላ፣ ካበጠና ካተኮሰሽ ማጥባቱን አታቋርጪ፤ ወተቱ ሲጠራቀም ሕመሙ ይብሳል። ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ መድኃኒት አለው። ተቀጣሪ ከሆንሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለብሽ። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጥሽ ዕረፍት 90 ቀን ነው፤ 6 ወር አይሞላም። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ወተት አልበሽ በንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥን ተለማመጂ። ሁሉን ሞክረሽ ወተቱ እምቢ ካለም ራስሽን አትክሰሺ፤ እናትነትሽን የሚነጥቅሽ የለም።

4. ይህን ደጋግመሽ አንብቢው። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከካንሰር ሁሉ በብዛት የሚታየው የጡት ካንሰር ነው። የከፋው ደግሞ አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ መሆኑ ነው። የዘገዩት ሰነፍ ሆነው አይደለም። አንደኛ፣ እብጠቱ በጅምሩ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ያላመመ ነገር ደግሞ በሽታ አይመስልም። ሁለተኛ፣ «ምን ብዬ ለወንድ ሐኪም አሳያለሁ» የሚል ሐፍረት አለ። ሦስተኛ፣ «ብረት ከነካው ይዛመታል» የሚል ወሬ አለ። ወሬው ሐሰት ነው። በመርፌ ናሙና መውሰድ በሽታውን አይበትነውም፤ ምንነቱ የሚታወቀው በዚያ ነው። ካፈርሽም ሴት ባለሙያ እንድታይሽ ጠይቂ፣ ወይም እህትሽን ይዘሽ ግቢ።

በየወሩ፣ የወር አበባሽ ካበቃ በኋላ ጡትሽ ሲለሰልስ፣ በመስታወት ተመልከቺው፣ በጣቶችሽም እስከ ብብትሽ ድረስ ዳስሺው። አዲስ እብጠት፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተሰረጎደ ቆዳ፣ ወደ ውስጥ የገባ ጫፍ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም፣ ብብት ሥር ያለ እብጠት፣ ከእነዚህ አንዱን ካየሽ በዚያው ሳምንት ተመርመሪ። በአንቺ የወጣትነት ዕድሜ የሚገኝ እብጠት አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ግን እሱን የሚለየው ምርመራ ነው፣ ግምት አይደለም። «በቤተሰባችን የለም» ብለሽም አትዘናጊ፤ የጡት ካንሰር ከሚይዛቸው ሴቶች የሚበዙት በዘር የሌለባቸው ናቸው። ጠበሉንም ተጠመቂ፣ ጸሎትሽንም አድርሺ፤ ሐኪሙን ግን አትተዪ።

ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከጎንደርም ከሐረርም የመጣች ሴት እዚያው ወረፋ ትጠብቅ ነበር። አሁን ጅማን በመሳሰሉ ከተሞች ተጀምሯል። ቢሆንም ወረፋው አላለቀም፤ በሽታው ሳይገፋ የመጣች ሴት ሕክምናዋ ያጥራል፣ ወጪዋም ይቀንሳል፣ የመዳን ዕድሏም ይሰፋል።

5. ጡቷን በቀዶ ሕክምና ያጣች ሴት ካጋጠመችሽ አትኩረሽ አትዪያት፣ «አይዞሽ» ብለሽም አትለፊያት። ቁጭ ብለሽ አዋሪያት። አንዲት ታካሚዬ ከቁስሉ ይልቅ ያመማት የጎረቤቶቿ መራቅ እንደነበር ነግራኛለች፤ በሽታው የሚተላለፍ መስሏቸው ነው። አይተላለፍም። አንድ ቡና ላይ መቀመጥ፣ አብሮ ሐኪም ቤት መሄድ፣ ልጆቿን አንድ ቀን መያዝ ይበቃል። ባል ካለሽም ይህን ሁሉ አስቀድመሽ ንገሪው፤ ብዙ ባሎች የሚሸሹት ምን እንደሚሉ ስለማያውቁ ነው።

6. እናትሽና አክስቶችሽ ይህን ሳያውቁት አድገዋል፤ አደጋው ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፤ እነሱም ከልጃቸው ፊት አያነሱትም። ስለዚህ አንቺ ጀምሪው። ዛሬ ማታ ለእናትሽ ደውዪላትና ጡቷን አንድም ቀን ተመርምራ ታውቅ እንደሆነ ጠይቂያት፤ «የለም» ካለችሽ ቀን ቆርጠሽ ራስሽ ይዘሻት ሂጂ።