ትኩሳቱ ሲበርድ ባክቴሪያው የት ይሄዳል?

ክረምት ገብቶ በአዲስ አበባው ቤቴል ሰፈር ብርዱ ሲጠና ትኩሳት የያዘው ሰው ክሊኒክ ሄዶ ዘወትር የሚሰማው «ታይፎይድ» ወይም «ታይፈስ» የሚለውን ነው። እምብዛም ስሙ የማይነሳ ሌላ አለ፤ የሚያገረሽ ትኩሳት። መንስኤው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የተባለ የተጠማዘዘ ባክቴሪያ፣ አዛማቹ ደግሞ የልብስ ቅማል ነው። ሰውየው ሲያክ ቅማሉ ይጨፈለቃል፤ ባክቴሪያውም በጭረቱ ይገባል። አዲስ አበባ በሽታውን ከጥንት ታውቀዋለች፤ ሰው ተጠጋግቶ በሚያድርበት በክረምት ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከምሥራቅ አፍሪካ ተሰደው አውሮፓ በገቡ ሰዎች ላይም ተገኝቷል።

ደማችን ባክቴሪያውን እጁን አጣጥፎ አይጠብቀውም። በውስጡ ኮምፕሊመንት የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ የባክቴሪያን ሽፋን ይበሳሉ። የገዛ ሴሎቻችንን እንዳይበሱ ፋክተር ኤች የተባለ ፕሮቲን እንደ ልጓም ይገታቸዋል። ቦሬሊያ ታዲያ ይህንኑ ልጓም ከደማችን ወስዶ ገላው ላይ ይለጥፋል! ኮምፕሊመንቱም የራሱ ወገን መስሎት ያልፈዋል።

ቀን ሲገፋ አንቲቦዲ ይደርሳል። የባክቴሪያውን የላይ ፕሮቲን ለይቶ ይይዛል፤ አብዛኛው ያልቃል፤ ትኩሳቱም ላብ በላብ አድርጎ ይለቃል። በሽተኛው «ተሻለኝ» ብሎ ሥራ ይገባል። ነገር ግን ባክቴሪያው ሲራባ ጥቂቶቹ የላይ ፕሮቲናቸውን በአጋጣሚ ለውጠዋል። አስበውበት አይደለም፤ ደሙ ሌሎቹን ሲጨርስ እነዚህ ተረፉ እንጂ። አንቲቦዲው አያውቃቸውም። ሳምንት ገደማ ቆይተው ሲበዙ ትኩሳቱ ይመለሳል።

ለዚህ ነው የምርመራው ሰዓት ወሳኝ የሚሆነው። ለወባ ምርመራ ደም በሚቀባበት ስላይድ ላይ፣ ባክቴሪያው በጊምሳ ቀለም ተነክሮ፣ በቀይ የደም ሴሎች መካከል እንደ ቀጭን የተጠማዘዘ ክር ይታያል፤ ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ ግን ሊጠፋ ይችላል። መድኃኒቱ ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ነው፤ ርካሽና የቆየ። ሆኖም ባክቴሪያው በአንዴ ሲሞት በሰዓታት ውስጥ ብርቱ ማንቀጥቀጥ ሊያስከትል፣ የደም ግፊትንም ሊያወርድ ስለሚችል፣ ከፋርማሲ ገዝቶ ቤት ውስጥ መዋጥ አደገኛ ነው።

ስለዚህ ትኩሳት ሄዶ ከተመለሰባችሁ መቼ እንደጀመረና መቼ እንደለቀቃችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ቅማል ካለም አትፈሩ፣ አትደብቁ። ልብሱን ቀቅሉት፤ ስፌት ስፌቱንም በጋለ ካውያ ተኩሱት፤ ቅማሉና ቅጫሙ የሚደበቁት እዚያ ነውና።