ፒፕ ሲከለክል

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነው የምኖረው። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ፓይተን እየተማርኩ ነው። በፒፕ ላይብረሪ ልጭን ስል በስህተት መልእክት ይከለክለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞህ፣ ያበላሸኸው ነገር የለም። ኡቡንቱ ራሱ ብዙ ሥራውን የሚሠራው በፓይተን ስለሆነ፣ ከ23.04 ጀምሮ የሲስተሙን ፓይተን ፒፕ እንዳይነካካው ተቆልፏል። ቁልፉን በግድ የሚያልፍ ትእዛዝ ብታገኝም አትጠቀምበት።

መጀመሪያ በአፕት «ፓይተን3-ቬንቭ»ን ጫን። ቀጥሎ በፕሮጀክትህ ፎልደር ውስጥ ቬንቭ (ከሲስተሙ የተለየ የፓይተን ቦታ) ፍጠርና አክቲቬት አድርገው። ስሙ ተርሚናሉ ላይ በመስመሩ መጀመሪያ በቅንፍ ከታየ ተሳክቷል፤ ፒፕም ይሠራል። ተርሚናል በከፈትክ ቁጥር አክቲቬት ማድረግ አለብህ።

ኔትወርክ ከደከመብህ፣ ጣርማ በርን አልፈህ ደብረ ብርሃን ስትወጣ የሚያስፈልጉህን ላይብረሪዎች በ«ፒፕ ዳውንሎድ» አውርድ። ቤትህ ስትመለስ «ኖ-ኢንዴክስ» እና «ፋይንድ-ሊንክስ» በሚሉት አማራጮች ያለ ኢንተርኔት ትጭናቸዋለህ።