ያረጀ አደባባይ ምን ይሁን?
ከሎስ አንጀለስ፣ ከኒው ዮርክና ከቦስተን የሚገኝ የመሬት ገበያ ትምህርት

በመሀል ከተማ የሚገኝ ያረጀ አደባባይ ለተመልካች ባዶ ቦታ ይመስላል። ሣሩ ደርቋል፣ ንጣፉ ተሰነጣጥቋል፣ መብራቱ ጠፍቷል። ቀን መንገደኛ ያቋርጠዋል፣ ማታ ማንም አይጠጋውም። በዙሪያው አንድ ካሬ ሜትር ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቅ ነጋዴ «ይህ ሁሉ መሬት ለምን ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን የቦታውን የመሸጫ ዋጋ በማስላት ብቻ አይገኝም።

አራቱ ጥያቄዎች

የንብረት ገማቾች አንድ መሬት ለምን ተግባር ቢውል ከሁሉ የላቀ ጥቅም እንደሚሰጥ ለመወሰን አራት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ያነሳሉ። አንደኛ፣ የታሰበውን አገልግሎት ሕጉ ይፈቅደዋል ወይ? ሁለተኛ፣ የቦታው ስፋት፣ አፈሩ፣ መግቢያና መውጫው ይችለዋል ወይ? ሦስተኛ፣ ገቢው ወጪውን ሸፍኖ ተመጣጣኝ ትርፍ ያስገኛል ወይ? አራተኛ፣ ይህን ሁሉ ካለፉት አማራጮች መካከል ከፍተኛውን ዋጋ የሚሰጠው የትኛው ነው?

ዘዴው ለግል ይዞታ በደንብ ይሠራል። ለአደባባይ ግን ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱም የአደባባይ ፍሬ በአብዛኛው የሚታየው በራሱ በአደባባዩ ሳይሆን ዙሪያውን በቆሙት ሕንፃዎች የኪራይ ውል ላይ ነው።

ሂሳቡ በምሳሌ

ለማስረዳት ያህል አንድ አደባባይ ለሕንፃ ግንባታ ቢሰጥ ለከተማው 200 ሚሊዮን ብር በአንድ ጊዜ ያስገኛል እንበል። በዙሪያው 100,000 ካሬ ሜትር የሚከራይ ወለል አለ፤ ኪራዩም በካሬ ሜትር በወር 500 ብር ነው። ይህ በዓመት 600 ሚሊዮን ብር ይሆናል። አደባባዩን ለማደስ 40 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል። ከታደሰ በኋላ ለጽዳት፣ ለጥበቃና ለጥገና የሚወጣውን ገንዘብ ከሻይ ቤት፣ ከኪዮስክና ከዝግጅት የሚገኘው ኪራይ ይሸፍነዋል።

ገንዘብ በዓመት 15 በመቶ ማስገኘት አለበት ተብሎ ቢሰላ፣ እድሳቱ ከሽያጩ ጋር የሚተካከለው የአካባቢው ኪራይ 6 በመቶ ሲጨምር ነው። 6 በመቶ ማለት በዓመት 36 ሚሊዮን ብር ነው። ይህ ለ0.15 ሲካፈል 240 ሚሊዮን ይመጣል፤ የእድሳቱ 40 ሚሊዮን ሲቀነስ 200 ሚሊዮን ይቀራል። እንግዲህ ክርክሩ ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ይጠቃለላል፦ የታደሰ አደባባይ የ500 ብሩን ኪራይ 530 ብር ያደርሰዋል ወይስ አያደርሰውም? ካለፈ እድሳቱ ያዋጣል፤ ካልደረሰ ሽያጩ ይሻላል።

በሽያጩ በኩልም የተደበቀ ወጪ አለ። አዲሱ ሕንፃ ለገበያው ተጨማሪ ወለል ስለሚያቀርብ የነባሮቹን ተከራይ ይሻማል፤ የፊት ለፊቶቹንም ብርሃንና እይታ ይጋርዳል። ከዚህም በላይ የተሸጠ አደባባይ አይመለስም። እድሳት ካልሠራ መሸጥ ይቻላል፤ ሽያጭ ካልሠራ ግን መልሶ ማደስ የለም።

የሎስ አንጀለሱ ፐርሺንግ ስኩዌር

ይህ ቦታ ለሕዝብ መገልገያነት የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1866 ነው። ለረጅም ዘመን ዛፍ የሞላበት መናፈሻ ነበር። በ1951 ግን ተቆፍሮ ከሥሩ ባለ ሦስት ደረጃ የመኪና ማቆሚያ ተሠራበት። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ጥሩ ነበር፤ መሬቱ ሁለት ጊዜ ያገለግላል ተብሎ ነው። ችግሩ የመጣው ከመግቢያና መውጫው ነው። ወደ ምድር ቤት የሚወርዱት የመኪና መንገዶች አደባባዩን ዙሪያውን ከበው ከእግረኛው ለዩት። እግረኛ ሲርቅ ገበያ ይርቃል።

በ1994 አደባባዩ በ14.5 ሚሊዮን ዶላር እንደገና ታድሶ ተከፈተ። ረጅም ሐምራዊ ማማ፣ ባለቀለም ግንቦችና ሰፊ የኮንክሪት ንጣፍ ተሠራለት። ማማው ከሩቅ ታየ፤ ቦታው ግን ከመንገዱ እንደተቆረጠ ቀረ። በ2016 እንደገና የንድፍ ውድድር ተካሄደ። የአሸናፊው ሐሳብ ዋና ነጥብ የአደባባዩን ወለል ከመንገዱ ጋር ማስተካከል ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በ1951 ያልታሰበበት መግቢያ ከ60 ዓመት በኋላም ወጪ ያስወጣል።

የኒው ዮርኩ ብራያንት ፓርክ

ይህ መናፈሻ በ1970ዎቹ የአደንዛዥ ዕፅ ሻጮች መናኸሪያ ነበር። ከመንገዱ ከፍ ብሎ፣ በአጥርና በቁጥቋጦ ተከልሎ ስለነበር ውስጡ ከውጭ አይታይም። በ1980 ይህን ለመለወጥ አንድ የግል፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተቋቋመ። የከተማ ጥናት ባለሙያው ዊሊያም ኋይት ሰው የሚሸሸው ቦታው ዝግ ስለሆነ ነው ብሎ መግቢያዎቹ እንዲሰፉ መከረ። ፓርኩ በ1988 ለሥራ ተዘግቶ በ1992 ተከፈተ። የሚንቀሳቀሱ ወንበሮች፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤትና ኪዮስኮች ተሟሉለት፤ ኋላም ምግብ ቤት ተጨመረ። ከሣሩ በታች የአጎራባቹ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት ማከማቻ ተሠራ። ከሥሩ ያለው ነገር ከላይ ያለውን ሰው አላወከም።

ለባለሀብት ዋናው ትምህርት ግን በገንዘቡ አሰባሰብ ላይ ነው። በምሳሌው ላይ እንደታየው የኪራዩን ጭማሪ የሚያገኙት ጎረቤት ባለሕንፃዎች ናቸው፤ አዳሹ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ብራያንት ፓርክ ይህን የፈታው የአካባቢው ባለንብረቶች ለፓርኩ ልዩ መዋጮ እንዲከፍሉ በማድረግ ነው። ይህ መዋጮ ከምግብ ቤት፣ ከኪዮስክና ከዝግጅት ኪራይ ጋር ተደምሮ ፓርኩን ያስተዳድራል።

ቦስተን በሌላ መንገድ ሄደች። በፖስት ኦፊስ ስኩዌር በ1954 የተሠራ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ነበር። በ1983 የአካባቢው ነጋዴዎች ማኅበር አቋቁመው ቦታውን ያዙ፤ ሕንፃውን አፍርሰው 1,400 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ከመሬት በታች፣ መናፈሻውን ከላይ አደረጉ። ከገንዘቡ ከፊሉ የተገኘው እያንዳንዳቸው 65,000 ዶላር የሆኑ 450 አክሲዮኖችን በመሸጥ ነው፤ ገዢው ማቆሚያ ቦታ የመከራየት መብት ያገኛል። መናፈሻው በ1992 ተከፈተ።

ለአዲስ አበባ ነጋዴ

በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ባለሀብቱ የሚይዘው በሊዝ ነው። ስለዚህ ያረጀ አደባባይ ለምን ይዋል የሚለውን የሚወስነው ከተማው ይሆናል፤ ትርፍና ኪሳራው ግን ዙሪያውን ሊዝ የያዙትን ይነካል። መስቀል አደባባይ በ2013 ዓ.ም. ሲታደስ ከላይ ለደመራና ለሌሎች ዝግጅቶች ክፍት ሆኖ፣ ከሥር የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለታል። የሁለቱን አገልግሎት አብሮ መኖር ለሚያጠና ሰው ቅርብ ምሳሌ ነው።

በአደባባይ ዳር ሱቅ፣ ሆቴል ወይም ቢሮ ለመያዝ የሚያስብ ሰው፣ የሚያገበያየውም ደላላ፣ ከመዋዋላቸው በፊት አራት ነገር ማጣራት ይበጃቸዋል። የአደባባዩ ፕላን ምን ይላል? እግረኛ ከመንገድ በቀጥታ ይገባበታል ወይስ ግንብና የመኪና መንገድ ያግደዋል? ከተመረቀ በኋላ በየዓመቱ የሚያጸዳና የሚጠብቅ፣ በጀትም ያለው አካል ማን ነው? ለእድሳቱ ወይም ለጥበቃው መዋጮ ቢጠየቅ ድርሻው ስንት ይሆናል?

ከአራቱ ይበልጥ የሚዘነጋው ሦስተኛው ነው። ምረቃ የአንድ ቀን ነው፤ የሊዝ ውል ግን የብዙ ዓመት ነው። ባለቤትና በጀት የሌለው የታደሰ አደባባይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመልሶ ያረጃል፤ በ530 ብር የታሰበውም ኪራይ ወደ 500ው፣ አልፎም ከዚያ በታች ይወርዳል።