በጥላ ስለ ተለካው ባሕር ዛፍ

ልጆች ሆይ፤ ቍጥር በሰሌዳና በደብተር ላይ ብቻ የሚገኝ አይምሰላችሁ። በእርሻም በገበያም፥ በግድግዳና በዛፍ ላይም አለ። እኔ ይህን ያስተዋልሁት ብዙ ዘመን ካስተማርሁ በኋላ ነው፤ እንዴት እንዳስተዋልሁት ልንገራችሁ።

በ2008 ዓመተ ምሕረት በማስተምርበት ክፍል አንድ ልጅ ነበረ። ንባቡ የጠራ፥ ጠባዩም የታረመ ነበር፤ ነገር ግን የማካፈል ሒሳብ በተጻፈ ጊዜ ዓይኑ ከሰሌዳው ወደ መስኮቱ ይሸሽ ነበር። እኔም በጓደኞቹ ፊት ብዙ ጊዜ ገሠጽሁት። ተግሣጼ አንዲት ቍጥር እንኳ አላስተማረውም፤ ከትምህርት ቤት መቅረትን ግን አስተማረው። በታኅሣሥ ወር ከሳምንቱ ሁለት ቀን ብቻ ይመጣ ጀመር።

በጥር ወር በአጥራችን ማዕዘን ላይ የቆመው አሮጌ ባሕር ዛፍ ሥሩ ስለ በሰበሰ ይቈረጥ ተባለ። ከዛፉ በስተኋላ አጥራችን ነበረ፤ ከፊቱ ደልዳላ ሜዳ፥ ከሜዳውም ማዶ የአንዲት ባልቴት የሣር ጎጆ ነበረች። ከዛፉ እስከ ጎጆዋ 18 ሜትር ነው። ዛፍ ቈራጩ ሽማግሌ ሽቅብ ተመልክቶ፥ «አይደርስባትም፤ አጥራችሁን ከማፍርስ ወደ ሜዳው እጥለዋለሁ» አለ። ባልቴቲቱ ግን በደጃፍዋ ቆማ ታለቅስ ነበር።

በዚያን ጊዜ ልጅ ሳለሁ ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ። የኔታ ፀሐይ ላይ ቆመው፥ የራሳቸውን ጥላ በጫማቸው እየሰፈሩ፥ ሰዓቱ ስንት እንደ ሆነ ይነግሩን ነበር። ታሌስ የሚባል የግሪክ ሊቅም፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረ፥ በግብፅ አገር የፒራሚድን ቁመት በጥላ እንደ ለካ የጥንት ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ታላቁ ፒራሚድ ሲሠራ ቁመቱ 146 ሜትር ያህል ነበረ፤ ጎኑም ሰያፍ ስለ ሆነ ከጫፉ ገመድ አውርዶ ቁመቱን መለካት አይቻልም። እኛ ታሌስን ባንሆን ፀሐዩ ግን ያው ፀሐይ ነው ብዬ ተማሪዎቹን ሁሉ ወደ ሜዳው አወጣኋቸው።

አንድ ሜትር የሚሆን በትር ቀጥ አድርገን በመሬት ላይ አቆምን። ረፋድ ላይ ነበርና የበትሩ ጥላ ልክ አንድ ሜትር ሆነ። እንግዲህ የበትሩ ጥላ ከበትሩ ከተካከለ፥ የዛፉም ጥላ ከዛፉ ይተካከላል፤ ፀሐይ በአንድ ጊዜ ለሁሉ በአንድ ልክ ታበራለችና። ነገር ግን ገመዳችን ስላጠረ ሌላ ገመድ ልንዋስ ወደ መንደር ሄድን። ያን ልጅ በትሩን እንዲጠብቅ ተውነው።

ተመልሰን የዛፉን ጥላ ብንለካ 16 ሜትር ሆነ። ልጆቹ ሁሉ «ጎጆዋ ዳነች!» ብለው ጮኹ። ደስ አለኝና እኔም አመንሁ። ሽማግሌውም መጥረቢያውን አነሣ።

ያን ጊዜ ልጁ፥ «መምህር፥ የበትሩ ጥላ ሸሽቷል» አለኝ። እኛ ስንሄድ በጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር አኑሮ ኖሮ፥ አሁን ጥላው ከጠጠሩ ርቆ አጥሯል። እንደ ገና ብንለካው 80 ሳንቲሜትር ብቻ ሆነ። ለካስ የበትሩን ጥላ በአንድ ሰዓት፥ የዛፉን ጥላ በሌላ ሰዓት ለክተን ነበር። ልጁ ተንበርክኮ በጭራሮ በመሬት ላይ ጻፈ፤ 16 ሜትር 1600 ሳንቲሜትር ነው፤ 1600 ለ80 ሲካፈል 20 ይሆናል። ማንም አላዘዘውም፤ ዓይኑንም ወደ መስኮት አላሸሸም፤ በዚያ መስኮት አልነበረምና። የዛፉ ቁመት 20 ሜትር ከሆነ፥ ጫፉ በባልቴቲቱ ጣራ ላይ ያርፋል።

ልጁም ለሽማግሌው፥ «አባባ፥ ይደርስባታል» አለው። ሽማግሌው ዛፉን አየ፥ በመሬት ላይ የተጻፈውንም አየ፤ «ዓይኔ ብዙ ዘመን አገልግሎኛል፤ ዛሬ ግን የአንተን በትር ልመን» አለ። አጥራችንን አፈረስን፤ በዛፉም ላይ ገመድ አስረን ወደ እኛ ወገን ጣልነው። አጥሩን መልሶ ለማጠር አራት ቀን ፈጀብን፤ በዚህም ያጉረመረሙ ነበሩ።

ዛፉ ከወደቀ በኋላ ከነጉቶው ብንለካው 20 ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር ሆነ። እኔ ይህን ያህል መቅረባችን ይበቃል ብዬ ነበር፤ ልጁን ግን 30 ሳንቲሜትሩ እንቅልፍ ነሣው። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ጉቶውን ሲለካ አገኘሁት። ጥላውን የለካነው ከግንዱ ዳር ጀምረን ነበር እንጂ ከመካከሉ አልነበረም። የግንዱ ወርድ 48፥ እኩሌታው 24 ሳንቲሜትር ነው። 24ን በ1600 ላይ ጨምሮ ለ80 ቢያካፍለው 2030 ሳንቲሜትር ወጣለት።

ከዚያ ወዲህ አልቀረም። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ቁመት እስከ ጉልላቱ ድረስ እንለካ ብሎ ለመነኝ። «ጥላው የሚጀምረው ከቤቱ መካከል ነው፤ በግድግዳው ውስጥ አልፈህ እንዴት ትለካለህ?» አልሁት። ጥቂት አስቦ ሳቀ፤ በትሩንም ይዞ ሮጠ።

እናንተስ፥ ልጆች? ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ወርዱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 20 ሜትር ነው። ከግድግዳው እስከ ጉልላቱ ጥላ ጫፍ 8 ሜትር ሆነ። በዚያው ሰዓት የአንድ ሜትሩ በትር ጥላ 1 ሜትር ከ50 ሳንቲሜትር ነበረ። ጉልላቱ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይላል?