መስመሩን ማን ያስምር?
ኮምፒውተር በሕክምና ምስል ላይ የአካል ክፍሎችን ወሰን ስለሚለይበት ዘዴ

አንዲት እናት የማሕፀን በር ካንሰር እንዳለባት ተረጋግጦ የጨረር ሕክምና ታዘዘላት እንበል። ጨረሩ ከመጀመሩ አስቀድሞ በሲቲ ስካን መሣሪያ የዳሌዋና የታችኛው ሆዷ ምስል ይነሣል። ይህ ምስል እንደ ተራ ፎቶግራፍ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሰውነቷ ከላይ እስከ ታች በስሱ የተቆራረጠ ያህል ሆኖ ቁራጭ በቁራጭ የሚታይበት ነው። የእያንዳንዱ ቁራጭ ውፍረት 3 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 30 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው የሰውነት ክፍል 100 ምስሎችን ይሰጣል። ሐኪሙ እነዚህን ምስሎች አንድ በአንድ እየገለጠ ዕጢው ከየት ተነሥቶ እስከ የት እንደሚደርስ፣ ፊኛው፣ የደንዳኔው መጨረሻ፣ ትንሹ አንጀትና የጭን አጥንቶች ራስ የት እንደሚጀምሩና የት እንደሚያበቁ በእጁ እያሰመረ ይለያል።

የጨረሩ አቅጣጫና መጠን የሚቀመረው እነዚህን መስመሮች ተከትሎ ነው። የዕጢው መስመር ከሚገባው በላይ ቢጠብ ከበሽታው የተወሰነው ክፍል በቂ ጨረር ሳያገኝ ይቀራል። ከሚገባው በላይ ቢሰፋ ደግሞ ጤነኛው ፊኛና አንጀት አላግባብ ይጎዳሉ፤ ጉዳቱም ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሽንትን ወይም ሰገራን ከደም ጋር በመቀላቀል ሊገለጥ ይችላል። ስለዚህ መስመር ማስመር እንደ ቀላል የጽሕፈት ሥራ የሚታይ አይደለም፤ የሕክምናው አካል ነው።

በአገራችን የማሕፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃ የካንሰር ዓይነት ነው። የጨረር ሕክምናም ለረጅም ዓመታት ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበረ አንባብያን ያስታውሳሉ። አገልግሎቱ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲስፋፋ ግን ማሽን መግዛት ብቻውን ወረፋውን አያቃልልም። በማሽኑ ፊት ተኝታ ከምታሳልፈው ጥቂት ደቂቃ በፊት አንድ ባለሙያ በኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚያሰምርበት ረጅም ጊዜ አለ፤ እንደ ራስና አንገት ካንሰር ባሉ ውስብስብ ሕመሞች ይህ ሥራ ሰዓታትን ይወስዳል። ባለሙያው ጥቂት፣ ሕመምተኛው ብዙ በሆነበት አገር፣ ይህን ሥራ በከፊል ለኮምፒውተር መስጠት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ አዎን፣ ይቻላል የሚል ነው፤ ነገር ግን እንዴት እንደሚቻልና የት ላይ እንደሚያሰናክል ሳይረዱ መቀበል አደገኛ ነው።

በመጀመሪያ ኮምፒውተሩ የሚያየው ምን እንደሆነ እንመልከት። የሲቲ ስካን ፈልሳፊ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ሲሆን፣ መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕመምተኛ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1971 በለንደን ነው። ሃውንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1979 ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በምስሉ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ ቁጥር አለው፤ መለኪያውም በፈልሳፊው ስም ይጠራል። ውኃ 0፣ አየር ከዜሮ በታች 1000፣ ስብ ከዜሮ በታች 100 ገደማ ሲሆን፣ ጠንካራ አጥንት ከዜሮ በላይ ብዙ መቶዎችን አልፎ ይሄዳል። እኛ ጥቁር፣ ግራጫና ነጭ አድርገን የምናየውን ኮምፒውተሩ የሚያውቀው በእነዚህ ቁጥሮች ነው።

እንግዲህ ቁጥሩ ከዚህ በላይ የሆነው ሁሉ አጥንት ነው፣ ከዚያ በታች የሆነው ሁሉ አየር ነው እያሉ ኮምፒውተሩን ማዘዝ ይቻላል። የቀድሞዎቹ ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ ለአጥንትና ለጤነኛ ሳንባም በመጠኑ ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ጉበት፣ ጣፊያና ጡንቻ ላይ ሲደረስ ነው፤ ቁጥሮቻቸው እጅግ የተቀራረቡ ናቸውና። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ዓይነት አፈር ላይ አንድ ዓይነት ጤፍ ቢዘሩ፣ ማዶ የቆመ እንግዳ ድንበራቸውን በቀለሙ ብቻ ሊለይ አይችልም። የአገሩ ሽማግሌ ግን ከዋርካው እስከ ትልቁ ድንጋይ ብሎ ያሳያል። የራዲዮሎጂ ሐኪምም እንደዚሁ ነው፤ በነጥቡ ቀለም ብቻ ሳይሆን በአካባቢው፣ በቅርጹና በጎረቤቱ ይለያል።

ይህን የሽማግሌውን ዕውቀት ደንብ አድርጎ መጻፍ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ያዙ፤ ይኸውም ደንብ ከመጻፍ ይልቅ ምሳሌ ማሳየት ነው። ሐኪሞች አስቀድመው ያሰመሩባቸው ምስሎች ለኮምፒውተሩ ይሰጡታል። እርሱም ስለ እያንዳንዱ ነጥብ ጉበት ነው ወይም አይደለም ብሎ ይገምታል፤ ግምቱ ከሐኪሙ መስመር ጋር ይነጻጸራል፤ በስሕተቱ መጠንም በውስጡ ያሉት እጅግ ብዙ ቁጥሮች በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከላሉ። ይህ ደጋግሞ ይፈጸማል። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ፊደሉን ትርጓሜ ሳይነገረው በድግግሞሽና በእርማት እንደሚለይ ዓይነት ነው ብንል ብዙም አንርቅም።

በዚህ ዘርፍ ትልቅ ለውጥ ያመጣው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 በጀርመን ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ኦላፍ ሮንበርገር፣ ፊሊፕ ፊሸርና ቶማስ ብሮክስ ያቀረቡት ነው። ስሙ ዩ-ኔት ይባላል፤ ሥዕላዊ መግለጫው የላቲኑን ዩ ፊደል ይመስላልና። በአንደኛው ክንድ ምስሉ ደረጃ በደረጃ እያነሰ ይሄዳል፤ በዚህም ዝርዝሩ ቢጠፋም ጠቅላላው ገጽታ ይታያል። በሌላው ክንድ ምስሉ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። በሁለቱ ክንዶች መካከልም ድልድዮች አሉ፤ በመጀመሪያው ክንድ የታየውን ጥቃቅን ዝርዝር ወደ ሁለተኛው ያሻግራሉ። ከኮረብታ ላይ ሆኖ መንደሩን በጠቅላላ ያየ ሰው ኋላ ወርዶ ድንበሩን በእግሩ እየረገጠ እንደሚያረጋግጥ ማለት ነው። የሚያስደንቀው፣ ከመጀመሪያ ፈተናዎቹ በአንዱ የተማረው ከ30 ምስሎች ብቻ መሆኑ ነው፤ እነርሱም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሡ የዝንብ እጭ የነርቭ ሕብረ ሕዋስ ምስሎች ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ምስሎቹን በልዩ ልዩ መልክ እየለጠጡና እያጣመሙ አበዙአቸው።

ከዚህ ዘር የወጣና ዛሬ ማንም በነጻ ሊጠቀምበት የሚችል አንድ ሶፍትዌር ቶታልሴግመንተተር ይባላል። በስዊዘርላንድ የባዝል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ባለሙያዎች ያዘጋጁት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው ጥናታቸው 1204 የሲቲ ስካን ምርመራዎችን ተጠቅመው 104 የአካል ክፍሎችን እንዲለይ አድርገውታል። አሠራራቸው ለእኛም ትምህርት አለው። በመጀመሪያ 5 ሕመምተኞችን ብቻ በእጅ አሰመሩ፤ በእነርሱ ኮምፒውተሩን አስተማሩት፤ እርሱ ያሰመረውን ደግሞ አረሙለት፤ በታረመውም እንደገና አስተማሩት። ባለሙያው አዲስ ከማስመር ወደ ማረም ስለተሸጋገረ ጊዜው ተቆጠበ።

ኮምፒውተሩ በትክክል አሰመረ የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? በብዛት የሚያገለግለው መለኪያ በአሜሪካዊው የሥነ ምኅዳር ሊቅ በሊ ዳይስ ስም ይጠራል። ዳይስ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲጽፍ ስለ ሕክምና አላሰበም፤ ሁለት የፍጥረት ዓይነቶች ምን ያህል ጊዜ በአንድ ስፍራ አብረው እንደሚገኙ ለመለካት ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው። ሐኪሙ 100 ነጥቦችን ጉበት ብሎ ቢለይ፣ ኮምፒውተሩም 100 ቢለይ፣ ሁለቱ የተስማሙባቸው ነጥቦች ግን 90 ቢሆኑ፣ 90ን በ2 አባዝተን ለ200 እናካፍላለን፤ 0.90 ይሆናል። ፍጹም ስምምነት 1 ሲሆን ፍጹም አለመስማማት 0 ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንጠይቃለን። 1500 ሚሊ ሊትር ይዘት ያለው ጉበት በዳርቻው ላይ 10 ሚሊ ሊትር የሆነ ዕጢ ይኑረው፤ ዲያሜትሩ 2.7 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ኮምፒውተሩ ጤነኛውን ጉበት አንዲት ነጥብ ሳይስት አሰመረና ዕጢውን ግን ከመስመሩ ውጭ ተወው። የዳይስ ውጤቱ ስንት ይሆናል? 2 ጊዜ 1490 ለ2990 ሲካፈል 0.997 ነው። በሰንጠረዥ ላይ ይህን ውጤት ያየ ሰው ሥራው ፍጹም ነው ብሎ ሊያመሰግን ይችላል፤ ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም ያመጣው ነገር ግን ከመስመሩ ውጭ ቀርቷል። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ባለሙያዎች በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ትልቁን ርቀት በሚሊሜትር የሚለካ ሌላ መለኪያ ጨምረው ይጠቀማሉ። ያም ቢሆን ምስሉን በዓይን ማየትን አይተካም።

ይህ ምሳሌ ከሐሳብ የመነጨ ብቻ አይደለም። ጤነኛ ሳንባ በአየር የተሞላ በመሆኑ ጥቁር ሆኖ ይታያል። በሳንባ ነቀርሳ የተጎዳው ወይም ፈሳሽ የከበበው ክፍል ግን ወደ ነጭነት ያደላል። በአብዛኛው ጤነኛ ሳንባን እያየ የተማረ ኮምፒውተር ጥቁሩን ብቻ ተከትሎ ሊያሰምርና የታመመውን ክፍል ከሳንባነት ሊያወጣው ይችላል። በመተማና በሁመራ ቆላ የሚገኘው ካላ አዛርም ጣፊያን እስከ እምብርት አልፎ ሊያሳብጠው ይችላል፤ እንዲህ ያለ ጣፊያ በአውሮፓ ሆስፒታሎች ምስሎች ውስጥ በብዛት አይገኝም። ኮምፒውተሩ ደግሞ ይህን አይቼ አላውቅም ብሎ አይናገርም፤ ያላወቀውንም እንዳወቀው ሁሉ በንጹሕ መስመር ያሰምረዋል። በጸሐፊው አስተያየት ከስሕተቱ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ የመስመሩ ንጽሕና ነው፤ ቀኑን ሙሉ የደከመ ሐኪም ያማረ መስመር ሲያይ መጠራጠሩን ሊተው ይችላልና።

ይህን ስንል የሰው እጅ አይስትም ማለታችን አይደለም። ሁለት ልምድ ያላቸው ሐኪሞች የአንድን ሕመምተኛ ምስል ለየብቻ ቢያሰምሩ መስመሮቻቸው ፈጽመው አንድ አይሆኑም። ኮምፒውተሩ ያንኑ ምስል ነገም ቢሰጡት በተመሳሳይ መንገድ ያሰምራል፤ ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ስለዚህ ረቂቁን እርሱ ያዘጋጅ፣ ሐኪሙ ይረም የሚለው አሠራር ጊዜንም ወጥነትንም ያስገኛል፤ እርማቱ የይስሙላ እስካልሆነ ድረስ።

እንዲህ ያለ ሶፍትዌር በእርዳታም ሆነ በግዥ ወደ አንድ የጤና ተቋም ሲመጣ፣ ተቀባዩ በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው በየትኛው አገር ሕመምተኞች ምስል እንደተማረ ነው። ቀጥሎም በተቋሙ ከተነሡት ምስሎች 20 ወይም 30 ያህሉን መርጦ፣ ከእነርሱም መካከል ውስብስብ የሆኑትንና የተለየ ሕመም ያለባቸውን ሆን ብሎ አካትቶ፣ የራሱ ሐኪሞች ካሰመሩት ጋር ማስተያየት ይኖርበታል። መብራት ሲጠፋ ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው የማይስተጓጎል መሆኑንም ቀድሞ ማረጋገጥ ብልህነት ነው፤ አንዳንዱ ሶፍትዌር ምስሉን ወደ ውጭ አገር ልኮ የሚያሠራ ስለሆነ የሕመምተኛዋ ምስጢር ወዴት እንደሚሄድ መታወቅ አለበት።

ሐኪሞቻችን የሚያርሟቸው መስመሮችም ሊጣሉ አይገባም። የሕመምተኛዋ ስምና መለያ ተወግዶ፣ በሕግና በፈቃድ ተጠብቀው ቢቀመጡ፣ ለቀጣዩ ኮምፒውተር የማስተማሪያ ምሳሌ የሚሆኑት እነርሱ ናቸው። የባዝል ባለሙያዎችም የጀመሩት ከ5 ሕመምተኞች ነው።