በሊኑክስ ጓዳ ያለውን ንብረት ስለ መጠበቅ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገራችን ሰው። እኔም ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ጅቡ ከሄደ በኋላ ነው፤ ነገር ግን የናንተ ጅብ ገና አልመጣ ይሆናልና ጩኸቴ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በላፕቶፔ ላይ በሊብሬኦፊስ ስጽፍ፥ ከሴት አያቴ አፍ የሰማኋቸውን የወሎ ቃላት አንድ በአንድ በፕሮግራሙ የግል መዝገበ ቃላት ውስጥ አስገባ ነበር። ባለፈው ዓመት ዲስኩ ድንገት ሞተ። አልደነገጥሁም፤ «ዶክዩመንትስ» የሚባለውን ፎልደር በየሳምንቱ ወደ ፍላሽ እገለብጥ ነበርና። በእርግጥም ድርሰቶቼ ሁሉ ተመለሱ። መዝገበ ቃላቱ ግን ከነሱ ጋር አልነበረም። የት ይቀመጥ እንደ ነበረ ያወቅሁት ከጠፋ በኋላ ነው። አያቴም ዛሬ በሕይወት የሉም።

እንግዲህ ወደ ትምህርቱ እንግባ። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሊኑክስን ሲጀምር እንደኛው ተማሪ፥ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ሊኑክስ ከዩኒክስ ከወረሳቸው ልማዶች አንዱ፥ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል ወይም ፎልደር ለዓይን እንዳይታይ ማድረግ ነው። ስለዚህ «ሆም» የተባለው የግል ፎልደራችን እንደ ቤት ሳሎንና ጓዳ አለው። ድርሰቱና ፎቶግራፉ በሳሎን ይታያል፤ ዴስክቶፑን ያሳመርንበት ሥራ ሁሉ ግን በጓዳ ተሰውሮ ይኖራል። በኡቡንቱ የፋይል መስኮት ከፍታችሁ «ኮንትሮል» እና «ኤች» የተባሉትን ቁልፎች ባንድነት ብትጫኑ ጓዳው ይገለጣል።

በዚያም ውስጥ በተለይ ሁለት ፎልደሮችን ልብ በሉ። አንደኛው «.ኮንፊግ» ነው፤ የሊብሬኦፊስ የግል መዝገበ ቃላትም ሆነ የግኖም ዴስክቶፕ ምርጫዎቻችን በዚሁ ይገኛሉ። ሁለተኛው «.ሎካል» ነው፤ ለራሳችን ብቻ የጫንናቸው የግዕዝ ፎንቶች የሚቀመጡት በዚህ ነው። በፍላትፓክ የተጫኑ ፕሮግራሞች ደግሞ ምርጫቸውን «.ቫር» በተባለው ያኖራሉ። እንግዲህ መልካሙ ዘዴ መርጦ መቅዳት ሳይሆን «ሆም»ን በሙሉ መቅዳት ነው፤ «.ካሽ» የተባለው ብቻ ቢቀር ጉዳት የለውም፤ ፕሮግራሞቹ መልሰው ይሠሩታልና።

ለመቅዳት የሚያገለግለው መሣሪያ አርሲንክ ይባላል። በ1996 እ.ኤ.አ. አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ ያወጡት ሲሆን፥ በየጊዜው የሚገለብጠው የተለወጠውን ብቻ ስለሆነ ሥራው ፈጣን ነው። ይሁን እንጂ ሦስት ወጥመዶች አሉ።

፩ኛ/ ፍላሾች ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጁት በፋት ወይም በኤክስፋት ነው። እነዚህ የሊኑክስን የባለቤትነትና የፈቃድ ምልክት አይዙም። ስለዚህ ባዶ ዲስክ በኤክስቲ4 ማዘጋጀት፥ ወይም ሁሉን በታር አንድ ፋይል አድርጎ መጠቅለል ይገባል። ፋት32 ግን ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል እንደማይቀበል አትርሱ።

፪ኛ/ አርሲንክ «ዲሊት» የተባለ ትእዛዝ ቢጨመርለት፥ ከላፕቶፑ የጠፋውን ከመጠባበቂያውም ያጠፋል። በስሕተት ዛሬ የደመሰሳችሁት ነገር ማታ ከሁለቱም ቦታ ይሰረዛል ማለት ነው። ስለዚህ የቆየ ቅጂም ለብቻው ይቀመጥ።

፫ኛ/ በጓዳው ውስጥ የይለፍ ቃሎችና የምስጢር ቁልፎችም አሉ። ስለዚህ ውጫዊው ዲስክ በሉክስ ተመስጥሮ ይቆለፍ፤ ጓዳችሁንም ለማንም በሚታይ ቦታ አታኑሩ።

ቅጂውም በአንድ ቦርሳ ከላፕቶፑ ጋር የሚዞር ከሆነ ሌባ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ቤተ ሰብ ዘንድ ወይም ከታመነ ጓደኛ ዘንድ ይቀመጥ።

ከሁሉም በላይ ግን መጠባበቂያው ይፈተን። እኔ ሳምንት ሳላጓድል እገለብጥ ነበር፤ የጎደለኝ ትጋት አልነበረም። አንድ ቀን እንኳ «ይህን ፍላሽ ብቻ ይዤ ሥራዬን እንደ ቀድሞው ልቀጥል እችላለሁን?» ብዬ አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ኖሮ የመዝገበ ቃላቱ አለመኖር ያን ዕለት በታወቀ ነበር። ፈተናውም ከባድ አይደለም፤ በወር አንድ ጊዜ ከቅጂው ጥቂት ፋይሎችን፥ ከጓዳውም ጭምር፥ ወደ ሌላ ፎልደር መልሶ ከፍቶ ማየት ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፥ የዴስክቶፕ ቀለምና ጌጥ ቢጠፋ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ድርሰትም በላብ ዳግመኛ ይጻፋል። ነገር ግን ዳግመኛ ሊጠየቅ ከማይችል ሰው የሰማችሁት ቃል በጓዳችሁ ተቀምጦ እንደሆነ፥ ዛሬ ማታ ሳትተኙ ጓዳውን ክፈቱና እዩ።